መልስ፦ የሐይቅ ሪል ለባሕር አይበቃም

ወንድሜ፣ ዝዋይ ላይ ቆሮሶ የማጠምድበት ሪል (የማጥመጃው ክር መጠቅለያ) ለጅቡቲው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይበቃኛል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አይበቃህም። እኔም እንዲሁ ብዬ ጅቡቲ ይዤው ሄድኩ፤ በሦስተኛው ቀን እጀታው አልዞር አለኝ። ፒያሳ ቤቴ ተመልሼ ስፈታው ኩሽኔታው በነጭ ጨው ተጋግሮ ነበር። እጅግ አዘንኩ።

አካሉ ከብረት የተሠራ፣ ውኃ እንዳያስገባ የታሸገ፣ የመጠን ቁጥሩም ከ6500 እስከ 8000 የሆነ ሪል ፈልግ፤ ፔን ስፒንፊሸር 6500 የተባለው ሪል ለጀማሪ ደህና ነው። ከሁሉ በላይ ግን ፍሬኑን፣ ማለትም ዓሣው ሲጎትት ክሩ በምን ያህል ኃይል እንደሚለቀቅ የሚወስነውን ክፍል፣ እይ። ክርህ 20 ኪሎ የሚችል ከሆነ ፍሬኑን 5 ወይም 6 ኪሎ ላይ አድርገው፤ በግምት ሳይሆን የክሩን ጫፍ የእጅ ሚዛን ላይ አስረህ እየሳብክ ለካ።

ማታ ማታ ፍሬኑን አጥብቀህ ሪሉን በቀስታ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ እጠበው፤ ሲደርቅ ፍሬኑን አላላው። በኃይል የሚረጭ ውኃ ጨዉን ወደ ውስጥ ይገፋዋልና ተጠንቀቅ።