ለበርክሌይና ለዩሲኤልኤ 4.4 ይበቃል ወይ ላሉን እናት

እህቴ፣ ልጅዎ 11ኛ ክፍልን በ4.4 ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ጨርሷል፣ ኤስኤቲ በሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና 1480 አምጥቷል፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር በርክሌይ፣ ዩሲኤልኤና ሳን ዲዬጎ ማመልከት ይፈልጋል። የመግባት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ነው የጠየቁት።

ኤስኤቲውን ከሂሳቡ ያውጡት። ሦስቱም ካምፓሶች ያሉበት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም ዩሲ፣ ማንን እንደሚቀበል ሲወስን ኤስኤቲም ሆነ ተመሳሳዩን የኤሲቲ ፈተና አያይም፤ ይህም በሁሉም ካምፓሶቹ ነው። 1480 አይጠቅመውም፣ 1100 ቢያመጣም ኖሮ አይጎዳውም ነበር። ውጤቱን ለሚቀበሉ ሌሎች ኮሌጆች ያስቀምጡት።

4.4 ደግሞ የትምህርት ቤቱ ቁጥር ነው። ዩሲ የራሱን ያሰላል፣ አሰላሉም ብዙ ወላጅ ከሚገምተው ይለያል። የሚቆጠሩት «ኤ-ጂ» የሚባሉት፣ ዩሲ ለመግባት የሚጠይቃቸው የሃይስኩል ትምህርቶች ብቻ ናቸው፤ ስፖርት የለበትም። የሚቆጠረው ጊዜ ከ9ኛ ክፍል ማግሥት ካለው ክረምት እስከ 11ኛ ክፍል ማግሥት ያለው ክረምት ነው። የ9ኛ ክፍል ውጤት ይታያል እንጂ በስሌቱ አይገባም። ፕላስና ማይነስ አይታወቅም፦ ኤ ማይነስ 4 ነው፣ ቢ ፕላስ 3 ነው። ቢ ፕላስ የሚያበዛ ልጅ እዚህ ላይ ይጎዳል።

በወረቀት ላይ እንሥራው። በዓመት ስድስት የኤ-ጂ ትምህርት የወሰደ ልጅ በሁለት ዓመት 24 የሴሚስተር ውጤት ይኖረዋል። 20 ኤ እና 4 ቢ ቢያመጣ 80 ሲደመር 12፣ 92 ይሆናል፤ ለ24 ሲካፈል 3.83። በኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ ባለው የሃይስኩል ትምህርት) እና ዩሲ በሚያውቃቸው የኦነርስ (ከፍ ያለ ደረጃ) ክፍሎች ለተገኘ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ በየሴሚስተሩ 1 ነጥብ ይጨመራል። ግን ጭማሪው ከ8 ሴሚስተር አያልፍም፣ ከ8ቱም የ10ኛ ክፍል ድርሻ ቢበዛ 4 ነው። ስለዚህ 92 ሲደመር 8፣ 100፤ ለ24፣ 4.17። ሁሉንም ኤ ያመጣ ልጅ እንኳ በዚህ ሚዛን 4.33 ላይ ይቆማል። ልጅዎ በዓመት ስድስት ትምህርት ወስዶ ከሆነ 4.4 በዩሲ ስሌት የማይገኝ ቁጥር ነው ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ኤፒውን ሁሉ ያለ ገደብ ደምሮ፣ ምናልባትም 9ኛ ክፍልን ጨምሮ ያወጣው ይሆናል። ትራንስክሪፕቱ (የውጤት ወረቀቱ) ላይ ኦነርስ የሚል ስለተጻፈ ብቻም ነጥብ አይጨመርም፤ በትምህርት ቤቱ የኤ-ጂ ዝርዝር ላይ የኦነርስ ምልክት ያለው መሆን አለበት።

ይህ ለምን ይጠቅማል ቢሉ፣ የተቀበሏቸውን ተማሪዎች ጂፒኤ ሲያነቡ የትኛው እንደሆነ መለየት ስላለብዎት ነው። ያለ ጭማሪ የተሰላ አለ፣ በ8 የተገደበ አለ፣ ያልተገደበም አለ። የትምህርት ቤቱን 4.4 ከተገደበው ጋር የሚያስተያይ ሰው ራሱን ያታልላል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉ በፊት የማየው ያለ ጭማሪ የተሰላውን ነው። ዩሲኤልኤ የሚቀበላቸው ተማሪዎች በዚህ ስሌት አብዛኞቹ ከ3.9 በላይ ናቸው።

ቀጥሎ ትምህርት ቤቱን ይመልከቱ። ዩሲ ኢንፎሴንተር በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ሃይስኩል ስንት ልጅ ለየትኛው ካምፓስ እንዳመለከተ፣ ስንት እንደተቀበሉ፣ አማካይ ጂፒኤያቸውም ስንት እንደነበር ተቀምጧል። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ይዩ፤ የአንድ ዓመት ብቻ ያሳስታል። ማመልከቻውን የሚያነቡት ሰዎች ልጁን የሚመዝኑት ትምህርት ቤቱ ከሰጠው ዕድል አንጻር ነው፦ ስድስት ኤፒ ብቻ ካለበት ትምህርት ቤት አምስቱን የወሰደ፣ ሃያ አምስት ካለበት ስድስት ከወሰደው ያነሰ አይደለም። ይህ ሰንጠረዥ ግን ሜጀር (የሚማሩትን የትምህርት ዘርፍ) አይለይም፣ የእናንተ ትልቁ ችግር ያለው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

በ2023 ለዩሲኤልኤ ከ145 ሺህ በላይ አመልካቾች ቀርበው የተቀበለው 9 በመቶ ያህሉን ነው። በርክሌይ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ሳን ዲዬጎ ከአራት አንድ ገደማ ይቀበላል። እነዚህ የካምፓስ አማካዮች ናቸው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ከአማካዩ በጣም ያነሰ ነው። «በቀላል ሜጀር ገብቶ በኋላ ይቀይራል» የሚለውን ምክር አይስሙ። በርክሌይም ሳን ዲዬጎም ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ መዛወር በውስን ቦታ ፉክክር ነው፣ ዩሲኤልኤ ላይ ደግሞ ትምህርቱ ያለው ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ውስጥ ስለሆነ ኮሌጅም መቀየር ይጠይቃል። ልጁ ሒሳብ ወይም ስታቲስቲክስ ከልቡ የሚወድ ከሆነ ያንኑ መሙላት ሌላ ነገር ነው፤ ባይቀየርለትም የሚማረው ትምህርት ይኖረዋል።

ያለ ጭማሪ 3.83 ያለው ልጅ ለእነዚህ ሦስት ካምፓሶች ኮምፒውተር ሳይንስ ብቻ ቢያመለክት፣ ከሦስቱም «አይሆንም» መስማቱ የሚጠበቅ ነው። ይሞክር፣ ነገር ግን ዝርዝሩ ላይ ከሌሎቹ የዩሲ ካምፓሶች ዴቪስ ወይም ኧርቫይን፣ ሳንታ ክሩዝ፣ ከነሱም ጋር ሪቨርሳይድ ወይም መርሴድ ይኑሩበት። ለእያንዳንዱ ካምፓስ 80 ዶላር ይከፈላል፤ የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ እስከ አራት ካምፓስ በነፃ ነው። በትምህርት ቤቱ ከላይኛው 9 በመቶ ውስጥ የሆነ የካሊፎርኒያ ነዋሪ፣ የትም ካልተቀበሉት ቦታ ባለበት ካምፓስ ይቀርብለታል፤ ይህም በአብዛኛው መርሴድ ነው።

ከማመልከቻው ጋር በሚገቡት ጽሑፎች ላይ የእኛ ልጆች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። ከስምንት ጥያቄ አራቱን መርጦ እያንዳንዱን እስከ 350 ቃል መመለስ ነው። ልጁ የወላጆቹን የስደት ታሪክ 300 ቃል ያወራና ለራሱ 50 ቃል ይተርፈዋል። አንባቢው የሚፈልገው ልጁ ራሱ ያደረገውን ነው። በሌላ በኩል ሊጻፍ የሚገባውን ይዘሉታል፦ ታናናሾችን ማሳደግ፣ ለእናት ሐኪም ቤት ማስተርጎም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልግሎት፣ በቤተሰብ ሱቅ መሥራት። እነዚህ ከነሰዓታቸው የሚሞሉበት ለ20 ነገር የሚሆን ቦታ አለ። ለውጤት መውረድ ምክንያት ካለ ደግሞ የሚብራራበት የተለየ ሳጥን አለ፤ ከጽሑፎቹ ላይ ቃል አይውሰድ። ጥቁር ወይም ኢትዮጵያዊ መሆኑን መሙላቱ አይጠቅምም አይጎዳም፤ በ1996 የወጣው የግዛቱ ሕግ ዘርን ማየት ይከለክላል።

ከ9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል የተወሰነውን አገር ቤት ተምሮ ከሆነ፣ ከመቶ የተሰጠውን ወደ ኤና ቢ ሳትቀይሩ እንዳለ አስገቡት። ማመልከቻው የሚዘጋው በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጨረሻ ገደማ ነው፤ የመጨረሻዋን ሌሊት አትጠብቁ። 12ኛ ክፍል ላይ ዲ ማምጣት የተሰጠውን ቦታ ሊያስነጥቀው ይችላል። ሲ ያመጣበትን ትምህርት እንደገና ቢወስድ ጂፒኤው አይስተካከልም፤ የሚስተካከለው ዲና ኤፍ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ካልሆነም ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ዩሲ መዛወር አለ። ዴቪስ፣ ኧርቫይን፣ ሳንታ ባርባራ፣ ሳንታ ክሩዝ፣ ሪቨርሳይድና መርሴድ መስፈርቱን ላሟላ ተማሪ የዝውውር ዋስትና ይሰጣሉ፤ በርክሌይ፣ ዩሲኤልኤና ሳን ዲዬጎ አይሰጡም። ዋስትናው ሁሉንም ሜጀር ስለማይሸፍን ኮምፒውተር ሳይንስ መኖሩን በየካምፓሱ ያረጋግጡ።

የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ውጤቱን በየሴሚስተሩ፣ ኤፒው የትኛው እንደሆነ ምልክት አድርገው እዚሁ ቢጽፉት፣ የትምህርት ቤቱን ስም ሳይጠቅሱ፣ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን።