ፍላሽ ልዝጋ ወይስ ልተው? የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ባለፈው ሳምንት «ስለ ቢሮ ኮምፒውተርና ስለ ፍላሽ የምትጠይቁት ካለ ወርውሩ» ብዬ ነበር። ወረወራችሁ። ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከዓለም ከተማ፣ ከአታዬ መጣ። የተደጋገመውን አንድ ላይ አድርጌ፣ ስም ሳልጠራ እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፣ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ የቢሮ ኮምፒውተር ስጠግንና ኔትወርክ ስዘረጋ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ሰባት ኮምፒውተር አለን፣ ሰርቨር የለንም። ሁሉም ዊንዶውስ 10 ፕሮ ናቸው። አለቃዬ «ከሰኞ ጀምሮ ፍላሽ እንዳይሠራ» ብሎኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከማሽኑ አትጀምር። መጀመሪያ አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ማን ፍላሽ እንደሚሰካ፣ ምን ይዞ እንደሚመጣና ወዴት እንደሚወስደው እይ። አንድ ቢሮ እንዲህ ሳደርግ፣ ከሒሳብ ክፍል እስከ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ፣ አሥራ አምስት እርምጃ በማይሞላ መንገድ፣ አንዲት ፍላሽ በቀን 19 ጊዜ ስትመላለስ ቆጠርኩ። ፕላስተር ተለጥፎባት «ደብዳቤ» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፎባታል፤ እንዳትጠፋ ደግሞ የጫማ ክር ታስሮላታል። ነገሩ ሲጣራ ፕሪንተሩ ያለው ጸሐፊዋ ጋ ብቻ ነው። ሰው ምን ያድርግ? ፕሪንተሩን በኔትወርክ አገናኘሁላቸው፤ ፍላሿ በማግስቱ መሳቢያ ገባች። ገና ምንም አልዘጋሁም ነበር።

አሁን ወደ መዝጋቱ። መፈለጊያው ላይ ጂፒኤዲት (gpedit) ብለህ ግሩፕ ፖሊሲን፣ ማለትም ማሽኑ ላይ የሚፈቀደውና የሚከለከለው የሚወሰንበትን፣ ክፈት። ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን፣ ከዚያ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ሪሙቨብል ስቶሬጅ አክሰስ የሚለውን ታገኛለህ። እዚያ ውስጥ «ሪሙቨብል ዲስክስ» ብለው የሚጀምሩ ሦስት መስመሮች አሉ። አንዱ ከፍላሽ ላይ ፕሮግራም ማስነሳትን ይከለክላል፣ አንዱ መጻፍን፣ አንዱ ማንበብን። ሦስቱን በአንድ ቀን ከዘጋህ እሪታው ካንተ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው። ማስነሳትን ዛሬውኑ ዝጋው፤ ማንም አያስተውልም፣ ምክንያቱም ፕሮግራም ከፍላሽ ላይ እያስነሳ የሚሠራ የቢሮ ሰው የለም። ስክሪፕት ሆኖ የሚመጣውን ቫይረስ ግን አያቆምልህም፣ እሱን ከአሁኑ እወቀው። መጻፍን ከሳምንት በኋላ ዝጋ፤ ይኼኛው ነው መረጃ ከቢሮ እንዳይወጣ የሚይዘው። ማንበብን መጨረሻ ላይ፣ ሌላ መንገድ ከሰጠሃቸው በኋላ። ስትጨርስ ማሽኑን አጥፍተህ አብራውና በራስህ ፍላሽ ሞክር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስላልጠየቅከኝ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 ላይ አብቅቷል። ማሽኖችህ ወደ 11 ማለፍ ከቻሉ ፍላሹን ከመዝጋትህ በፊት እሱን ጨርስ።

ጥያቄ፣ ከአታዬ፦ የኛ ዊንዶውስ ሆም ነው፤ ጂፒኤዲት ስለው የለም ይለኛል።

መልስ፦ ልክ ነው፣ ሆም ላይ የለም። ያለህ ሬጅስትሪው፣ ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ ነው። ከሎካል ማሽን ጀምረህ ሲስተም፣ ከረንት ኮንትሮል ሴት፣ ሰርቪስስ እያልክ ግባና ዩኤስቢስቶር የሚለውን ክፈት፤ ስታርት የሚለው ቁጥር 3 ሆኖ ታገኘዋለህ፤ 4 ስታደርገው የፍላሽ ድራይቨሩ፣ ማለትም ፍላሹን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ አይነሳም። ከመንካትህ በፊት ኤክስፖርት አድርገህ ኮፒ ያዝ። ግን ብዙ አትመካበት። አድሚን የሆነ ሰው፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ሁሉን መቀየር የሚፈቀድለት፣ በሁለት ደቂቃ ይመልሰዋል፤ ማሽኑ አይቶት የማያውቀው ፍላሽ ሲሰካም ዊንዶውስ ራሱ ድራይቨሩን ሲጭን ቁጥሩን ወደ 3 የሚመልስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሠራተኛው በአድሚን አካውንት አይግባ፤ ለየሰዉ ተራ አካውንት ክፈት። በብዙ ቢሮ ሁሉም ሰው አድሚን ነው፤ ፓስዋርዱም ሞኒተሩ ላይ ተለጥፏል። እንደዚያ ከሆነ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ጥያቄ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ ፍላሽ ዘጋን። አሁን ሁሉም ስልኩን ይሰካል፤ «ቻርጅ ላድርግ ብዬ ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ አንቺ የዘጋሽው ፍላሹን እንጂ ስልኩን አይደለም። ስልክ ሲሰካ ዊንዶውስ እንደ ዲስክ አያየውም፣ ሌላ ዓይነት ዕቃ ነው ብሎ ይይዘዋል። እዚያው ሪሙቨብል ስቶሬጅ አክሰስ ውስጥ «ደብሊውፒዲ ዲቫይስስ» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ፤ ማንበቡንም መጻፉንም እነሱ ላይ ዝጊ። ስልኩ ቻርጅ ማድረጉን ይቀጥላል፣ ፋይሉ ግን አይታይም።

ሁለተኛውን ቀዳዳ ብዙ ሰው አያየውም። ስልኩ በኬብሉ ኢንተርኔት ማጋራትም ይችላል። ያኔ ኮምፒውተሩ እንደ ኔትወርክ ካርድ ነው የሚቀበለው፣ የስቶሬጅ ፖሊሲሽ አይመለከተውም። ኢንተርኔት አይነካውም ብለሽ ለብቻው ያስቀመጥሽው የሒሳብ ማሽን በአንድ ሰው ዳታ ውጭ ወጣ ማለት ነው። ይኼን በዲቫይስ ኢንስታሌሽን ገደብ መዝጋት ይቻላል፣ ከታች እመጣበታለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ለየክፍሉ አንድ አንድ ዲቫይደር ግዢና ስልኩ ከግድግዳ ሶኬት ይሞላ። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት አገር ሰው ቻርጅ ባገኘበት መሰካቱ አይፈረድበትም።

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ፦ አለቃው «የኔ ፍላሽ ብቻ ይሥራ» አለ። ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ሦስት መንገድ አለ።

ቀላሉ በሰው መለየት ነው። የሎካል ፖሊሲውን በኤምኤምሲ (የዊንዶውስ ማስተዳደሪያ መስኮት ነው) ከፍተህ አድሚን ላልሆኑት ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ትችላለህ፤ ነገር ግን ያኔ አለቃህን አድሚን ልታደርገው ነው፣ እሱን ደግሞ አልመክርም።

ሁለተኛው በዕቃው መለየት ነው። ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሪስትሪክሽንስ የሚለው ውስጥ የአንዲቱን ፍላሽ መለያ ጽፈህ ትፈቅድና የቀረውን ትከለክላለህ። መለያውን ዲቫይስ ማኔጀር ላይ፣ ዲቴይልስ በሚለው ታገኘዋለህ። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርህ። የዛሬ ስንት ዓመት፣ ሰኔ መጨረሻ፣ በጀት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ቢሮ «ያልተፈቀደ ዕቃ ሁሉ አይጫን» የሚለውን አብርቼ ኮራ ብዬ ወጣሁ። ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር። በማግስቱ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ጠረጴዛውን ስታጸዳ ኬብሎቹን ነቅላ መልሳ ሰካች፤ ኪቦርዱ ድሮ ከነበረበት ቀዳዳ አጠገብ ያለው ውስጥ ገባ። ብዙ ኪቦርድ የራሱ ሲሪያል ቁጥር የለውም፤ ስለዚህ ቀዳዳ ሲቀየር ዊንዶውስ አዲስ ዕቃ መጣ ይላል። አዲስ ዕቃ ደግሞ እኔ ነኝ የከለከልኩት። ሒሳብ ሹሟ ፓስዋርድ መጻፍ አልቻለችም። ማውሱም እንደዚያው። ያወጣን ከዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ ተራግፎለት የመጣ፣ ሐምራዊ ክብ ጫፍ ያለው የድሮ ኪቦርድ ነው፤ እሱ በዩኤስቢ አይሄድም። ስለዚህ ይኼን መንገድ ከመረጥክ ኪቦርድና ማውስን በዓይነት ደረጃ ቀድመህ ፍቀድ፤ አድሚን እንዲያልፍ የሚለውንም መስመር አብራ።

ሦስተኛውና እኔ የምወደው ቢትሎከር፣ የዊንዶውስ የራሱ መቆለፊያ ነው። ፕሮ ላይ ፍላሹን በቀኝ ጠቅ አድርገህ በፓስዋርድ ትቆልፈዋለህ፤ ከዚያ ፖሊሲው ላይ «በቢትሎከር ያልተቆለፈ ፍላሽ ላይ አይጻፍ» የሚለውን ታበራለህ። የአለቃህ ፍላሽ ይሠራል፣ ታክሲ ውስጥ ቢረሳውም ያገኘው ሰው አይከፍተውም። 48 አሃዝ ያለው የማገገሚያ ቁልፍ ይሰጥሃል፤ አትመህ ካዝና ውስጥ አስቀምጠው፣ እዚያው ፍላሽ ላይ እንዳታስቀምጠው። ቀልዴን አይደለም፣ አይቻለሁ።

ጥያቄ፣ ከዓለም ከተማ፦ ፍላሼን ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክቼ ስመለስ ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆኑ። ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ ኧረ ተዪ! ፋይልሽ አልጠፋም፣ ተደብቋል። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ሸሽጎ በስሙ ሾርትከት ይተክላል፤ ከምልክቱ ግርጌ ትንሽ ቀስት ካየሽ እሱ ነው። ስትጫኚው ቫይረሱን ያስነሳና ከዚያ ፎልደርሽን ይከፍትልሻል፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ምንም የሆነ አይመስለውም። ሾርትከቶቹን አንዱንም አትጫኚ። ጸረ ቫይረሱ በታደሰ ማሽን ላይ ስካን አድርጊው። ከዚያ ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጊ፤ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት አንሺ፣ ይኼን ሁለተኛውን ስለሚረሱ ነው ብዙዎች «የለም» የሚሉት። ፎልደሮችሽ ደብዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ። ወደ ኮምፒውተር ኮፒ አድርጊ፣ ከዚያ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ብታደርጊ ይሁን።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ፍላሽ አጥብቄ ዘጋሁ፣ ግን የአሻራ ማሽኑ መረጃ የሚወጣው በፍላሽ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የሰው ኃይሉ ማሽን ላይ ማንበብን ተወው፣ መጻፍን ዝጋ። ከአሻራ ማሽኑ ወደ ኮምፒውተር ለማምጣት ማንበብ ይበቃል። ከዚያ የአሻራ ማሽኑን ገልብጠህ እይ፤ ብዙዎቹ የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ አላቸው፣ ሲገጠም ማንም ስላልሰካው ነው።

ጥያቄ፣ ከአታዬና ከሌሎች ሦስት ሰዎች፦ ኢንተርኔታችን ደካማ ነው። ፍላሽ ከተዘጋ ፋይል በምን ይለዋወጣል?

መልስ፦ ይኼ ነው ዋናው ጥያቄ። ፋይል ከክፍል ወደ ክፍል ለማስተላለፍ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ኔትወርክ ነው የሚያስፈልገው፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ባለ 8 ቀዳዳ ስዊች (ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኘው ሳጥን)፣ ኬብል፣ አንዱ ማሽን ላይ የተጋራ ፎልደር፣ በቃ። ለየክፍሉ የራሱ ፎልደር ስጡ፣ አንድ ደግሞ ሁሉም የሚጥልበት መለዋወጫ አድርጉ። የሚጋራውን ማሽን ዩፒኤስ ላይ አስቀምጡት፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉም እንዳይጮህ።

ከውጭ ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ባለጉዳይ አለ፣ እሱን መመለስ አትችሉም። አንድ አሮጌ ማሽን መግቢያው አጠገብ አስቀምጡና ፍላሽ እሱ ላይ ብቻ ይሰካ። ዲፌንደሩ፣ የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ፣ ይታደስ፤ ፍላሹን በቀኝ ጠቅ አድርጎ ስካን የሚል ሰው ይመደብ፤ ፋይሉ ንጹሕ ሲሆን ወደ መለዋወጫው ይግባ። ማሽኑን በየሳምንቱ ወደ ንጹሕ ሁኔታው ብትመልሱት ደግሞ እሰየው።

ይኼን ሳታደርጉ ከዘጋችሁ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ? ሁሉም ቴሌግራም ላይ ይወጣል። የደመወዝ ሰነድ በሠራተኛው የግል አካውንት፣ በግል ስልኩ ይዞራል። ሠራተኛው ሲለቅ ሰነዱ አብሮት ይሄዳል። ከፍላሹ የባሰ ነው፤ ፍላሽ ቢያንስ በእጅ ይያዛል።

ጥያቄ፣ ከደብረ ሲና፦ ክሊኒክ ነን። የታካሚ መረጃ በፍላሽ እንደወጣ ጠርጥረናል። ማን እንደወሰደ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ በከፊል። ዊንዶውስ ተሰክቶ የሚያውቀውን ፍላሽ ስምና ሲሪያል በሬጅስትሪ፣ ኢነም ስር ባለው ዩኤስቢስቶር ውስጥ ይመዘግባል፤ መጀመሪያ የተሰካበትን ሰዓት ደግሞ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ኢንፍ በሚለው የሚገኘው የሴትአፕ ሎግ (የተፈጸመው ሁሉ የሚመዘገብበት ፋይል) ይነግራችኋል። የትኛው ፋይል እንደተገለበጠ ግን አስቀድማችሁ ኦዲት ሪሙቨብል ስቶሬጅን ካላበራችሁ አይታወቅም። ዛሬ አብሩት፤ ከአሁን በኋላ ያለው በሴኩሪቲ ሎግ ውስጥ 4663 በሚል ቁጥር ይመዘገባል። ሁሉም ሰው በአንድ አካውንት የሚገባ ከሆነ ግን ሎጉ የሚነግራችሁ «እንግዳ መቀበያ» የሚል ስም ብቻ ነው፣ በእሱ ሰው እንዳትከሱ። የጤና መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥብቅ ጥበቃ ከሚሰጣቸው ውስጥ ስለሆነ የሕግ ሰውም አማክሩ።

ጥያቄ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ ቀዳዳዎቹን በሱፐር ግሉ እንድደፍን ታዘዝኩ።

መልስ፦ ኪቦርዱን ነቅሎ እዚያው የሚሰካውን ምን ልታደርገው ነው? ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት የማሽኑ ቅንብር) ገብተህ የማያስፈልጉትን ቀዳዳዎች አጥፋ፣ ባዮሱን በፓስዋርድ ቆልፍ፤ የንግድ ሞዴል የሆኑት ማሽኖች አብዛኞቹ ይኼ አላቸው። ሙጫ የማሽኑን ዋጋ ነው የሚደፍነው።

ጥያቄ፣ ከጫጫ፦ ልጄ፣ ግቢው በር ላይ ፍላሽ ወድቆ አገኘሁ። የማን እንደሆነ ልየው ብዬ ብሰካው ምን ይለኛል? ዩኤስቢ ዘግተናል ተብሏል።

መልስ፦ ጋሼ፣ አይሰኩት። የተዘጋው ስቶሬጁ ነው፤ ፍላሽ የሚመስል ሁሉ ደግሞ ፍላሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የጀርመን ተመራማሪዎች ፈርምዌሩን፣ ማለትም ፍላሹን ራሱን የሚያንቀሳቅሰውን የውስጥ ፕሮግራም፣ ቀይረው ራሱን «ኪቦርድ ነኝ» እንዲል አድርገው አሳይተዋል። ኪቦርድ ነኝ ካለ ማሽኑ ያምነዋል፣ ከዚያ እርስዎ ሳያዩ ትእዛዝ ይጽፋል። ጥበቃው ጋ ያስቀምጡትና «ፍላሽ የጠፋበት» ብለው ወረቀት ይለጥፉ። ባለቤቱ ከመጣ ቀለሙንና ምን እንደታሰረበት ይጠይቁት።