ችክችካው ከጊታሬ ጋር አልሄድ አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍል። ፒያሳ ነው የምኖረው። ቤት ውስጥ በትንሽ ባለ ስምንት ትራክ ሪከርደር ዘፈን እሠራለሁ። በድራም ማሽኑ ችክችካ ልሠራ ብሞክር ከጊታሬ ጋር አልሄድ አለኝ፤ ፊል (የማሸጋገሪያ ምት) ሳስገባ ደግሞ ጭራሽ ይበላሻል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ መጀመሪያ የፓተርኑን (የሚደጋገመውን የምት ቅንብር) ታይም ሲግኔቸር፣ ማለትም የምት አቆጣጠሩን እይ። እነዚህ መሣሪያዎች አዲስ ፓተርን ስትከፍት አብዛኛውን ጊዜ 4/4 ላይ ነው የሚነሱት፣ ችክችካ ደግሞ 6/8 ስለሆነ ቴምፖውን (ፍጥነቱን) ብትጨምርም ብትቀንስም አይገጥምልህም። 6/8 ከሌለው 3/4 ምረጥ። ባሩ (አንዱ የምት ዙር) ውስጥ ያሉት ያው ስድስት ስምንተኛ ኖታዎች ናቸው፤ ሜትሮኖሙ ሦስቴ ቢመታም አንተ ሦስት ሦስት እያደረግህ ለሁለት ቁጠር። ባስ ድራሙን 1ኛውና 4ኛው ላይ፣ ሃይ ሃቱን (ጥንዱን ሲምባል) ስድስቱም ላይ አድርግ። ግን እኩል አታስመታቸው! ምቱ ሲንተባተብ የሚመስለው ከዚህ ነው። ቬሎሲቲው (የምቱ ጥንካሬ) እስከ 127 ከሆነ 1ኛውንና 4ኛውን 100 አካባቢ፣ የቀሩትን 60 አካባቢ አድርጋቸውና ልዩነቱን ስማው።

ፊሉን ዋናው ፓተርን ላይ አትነካካ። ኮፒ አድርገው፣ ኮፒው ላይ የመጨረሻዎቹን ሦስት ምቶች ብቻ በስኔርና በቶም ቀይር። እዚያ ጋ ሃይ ሃቱን አውጣው፤ ድራመር ያለው ሁለት እጅ ነው፣ ሦስት እጅ ያለው የሚመስል ፊል ወዲያው ይታወቃል። ክራሹ (ትልቁ ሲምባል) የሚቀጥለው ባር 1ኛ ምት ላይ ይረፍ። ከዚያ ሶንግ ሞድ (ፓተርኖቹን በተራ የምትደረድርበት) ውስጥ ዋናውን ሰባት ጊዜ ደርድርና ስምንተኛው ላይ ፊሉን አስገባ። ጊታሩን ከዚህ በኋላ ቅዳ። መብራት ሳይሄድብህም ሴቭ አድርግ።