መልስ፦ መጀመሪያ ደላላውን እዪ

እህቴ፣ ለገጣፎ ላይ በ8 ሠራተኛ የጽዳት ሥራ እንደጀመርሽና አንድ ደንበኛ «ዘመናዊ ባርነት እንዳይኖር ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ እንደጠየቀሽ ጽፈሻል፤ ሰውን በዕዳ፣ በማስፈራራት ወይም መታወቂያውን ይዞ ማሠራት ማለቱ ነው። ፖሊሲ ጽፎ ፋይል ውስጥ መክተት ቀላል ነው። ነገሩ ያለው ሠራተኛ የሚያመጣልሽ ደላላ ጋ ነው።

እኔ ሰበታ አካባቢ በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። አንዴ ከገጠር የመጣች ልጅ ቀጠርኩ፣ መታወቂያዋን ስጠይቃት ዝም አለች። ለካ ደላላው በፌስታል ጠቅልሎ ይዞባት ኖሯል፣ የትራንስፖርት፣ የማደሪያ እያለ የ2 ወር ደመወዟን ካልሰጠሽኝ ብሎ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ደመወዙን የምከፍለው እኔ ነበርኩና። ከዚያ ወዲህ የደላላውን ኮሚሽን እኔው እከፍላለሁ። መታወቂያ ኮፒ አድርጌ እዚያው እመልሳለሁ። ደመወዝ በራሷ ስም በተከፈተ አካውንት ብቻ ይገባል፤ «ለአክስቷ ላኪላት» የሚል ሰው ከመጣ ልጅቷን ለብቻዋ አናግሪያት።

ሕጉንም እወቂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፣ መደበኛ ሥራም በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሰው መነገድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው።

አቅራቢዎችሽ ጋ ደግሞ ራስሽ ሂጂ። በረኪና የሚሞላልሽ ሰው ግቢ ውስጥ ያለ ጓንት ጠርሙስ የሚያጥቡ ልጆች ካየሽ፣ ማን እንደሚከፍላቸውና የት እንደሚያድሩ ጠይቂ። ዋጋው ከገበያው በጣም ከወረደ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የጉልበቱን ክፍያ ነው። ግን ተናደሽ ወዲያው ውል አትቁረጪ፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ፤ ቀድመሽ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አሳውቂ። ማስፈራራት ካለበት ግን በቀጥታ ፖሊስ ጋ ነው።