ለሥራ ወደ ሰው አገር ለምትሄዱ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሠራተኛና አሠሪ ክርክር ላይ ጠበቃ ሆኜ ነው። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የተነሳችሁ ወጣቶች ምክር ስትጠይቁኝ የሜክሲኮ ገበሬዎችን ታሪክ የማነሳላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካ ወንዶቿ ሲዘምቱ የእርሻ ሠራተኛ አጠራትና ከሜክሲኮ ጋር ስምምነት ተፈራረመች። ብራሴሮ ለተባሉት ለእነዚህ ሠራተኞች እስከ 1964 መጨረሻ 4.6 ሚሊዮን ያህል ውል ተፈርሟል። ውሉ ሲነበብ ያማረ ነበር፤ ነፃ መኖሪያ፣ የመጓጓዣ ወጪ፣ ከአካባቢው ያላነሰ ደመወዝ። በመቀበያ ጣቢያዎቹ ግን ልብሳቸውን አስወልቀው ዲዲቲ ይነፉባቸው ነበር። ካሊፎርኒያ እርሻ ላይ እጀታው ከክንድ ያጠረ መኮትኮቻ ተሰጥቷቸው ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው ይውላሉ፤ ወገቡን ለማሳረፍ ቀና ያለ ሰው ከሩቅ ስለሚታይ መሣሪያው ለተቆጣጣሪዎቹ ተስማምቷቸዋል። የተከለከለው በ1975 ነው። ያን ጊዜ የብራሴሮዎቹ ወገብ ከጎበጠ ቆይቷል።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የቁጠባው ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከደመወዛቸው ከመቶ አሥር እየተቆረጠ፣ አገራቸው ሲመለሱ ሊቀበሉት ወደ ሜክሲኮ ባንኮች ተላከ። ብዙዎቹ ሳንቲም አልደረሳቸውም፤ መቆረጡን እንኳ ያላወቁ ነበሩ። የሜክሲኮ መንግሥት ለእያንዳንዳቸው 38,000 ፔሶ ለመክፈል ፈንድ ያቋቋመው በ2005 ነው፤ ለዚያውም ዋናውን ሰነድ ላሳየ ብቻ! የስልሳ ዓመት ወረቀት ከሽማግሌ ገበሬ መጠየቅ ግፍ ነው እላለሁ።

ነገሩ ያለፈ እንዳይመስላችሁ። ካናዳ ከ1974 ጀምሮ ሜክሲኮአውያንን በዓመት እስከ ስምንት ወር እያስመጣች ታሠራለች፤ የሥራ ፈቃዳቸው ከአሠሪው ጋር የታሰረ ስለሆነ ቅሬታ ያቀረበ መባረርን ይፈራል። በብዙ የዓረብ አገሮች የሚጠብቃችሁ የከፋላ ሥርዓትም፣ ማለትም የውጭ ሠራተኛን የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የሚያስረው ደንብ፣ የዚሁ ዘመድ ነው።

ስለዚህ ውሉን በምትረዱት ቋንቋ ሳታስነብቡ አትፈርሙ። ከደመወዛችሁ የሚቆረጥ ካለ በማን ስም፣ የት እንደሚገባ ጠይቁ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። የውሉንና የፓስፖርቱን ቅጂ ሻንጣችሁ ውስጥ ብቻ አትያዙ፤ ለእናታችሁ ወይም ለምታምኑት ዘመድ ተዉ። በዚያ የሜክሲኮ ፈንድ የሟች ሚስቶችና ልጆችም ወረቀቱን ይዘው ከቀረቡ ይከፈላቸው ነበር።