ስለ ማርጋሬት አትዉድ የጠየቃችሁኝ፦ ልብ ወለዶቿም ግጥሞቿም

ስለ ካናዳዊቷ ደራሲና ገጣሚ ማርጋሬት አትዉድ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ረዘም ያሉትን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አትዉድን አንብቤ አላውቅም። በየትኛው ልጀምር?

ሁሉም ሰው «ዘ ሃንድሜይድስ ቴል» ይልሃል። እኔም እሱኑ እልሃለሁ። የታተመው በ1985 ነው። አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ተገልብጦ ጊልያድ የሚባል አገዛዝ ቆሟል። መውለድ የሚችሉ ሴቶች ጥቂት ናቸው። እነሱም ቀይ ለብሰው በባለሥልጣናት ቤት ይመደባሉ፤ ሥራቸው ለባልና ሚስቱ ልጅ መውለድ ነው። ታሪኩን የምትነግረን ከነሱ አንዷ ናት። ስሟን እንኳ ቀምተዋት በጌታዋ ስም ነው የምትጠራው።

ግን ብቻውን አታንብበው። አጠገቡ አንድ የግጥም መድበሏን አስቀምጥ። ምክንያቱን ታች ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ግፍ ሁሉ በእውነት የተፈጸመ ነው ይባላል። ማጋነን አይደለም?

አይደለም። ስትጽፍ ለራሷ ያወጣችው ሕግ ነው። በታሪክ ውስጥ የሆነ ቦታ፣ በሆነ ዘመን ሰዎች ያላደረጉትን ነገር አላስገባም ብላ ነው የተነሳችው።

መጻፍ የጀመረችው በ1984 የጸደይ ወራት፣ ምዕራብ በርሊን ውስጥ ነው። የበርሊን ግንብ ገና አልፈረሰም። የተከራየችው የጽሕፈት መኪና የጀርመን ፊደል ገበታ ያለው ነበር። በዚያው ሰሞን ምሥራቅ ጀርመንንና ቼኮዝሎቫኪያን አይታለች። ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ ወሬ ሲቀይር፣ ማን እየሰማ ይሆን ብሎ ሲጠራጠር ተመልክታለች። ልብ ወለዱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን እየሄዱ አንዷ ሌላዋን የምትፈራበትን ቦታ ስታነቡ ይህን አስታውሱ።

ሌላውም እንዲሁ ምንጭ አለው። የሩማንያው መሪ ቻውሼስኩ በ1966 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 770 ፅንስ ማስወረድን ከለከለ፤ ሴቶች እርጉዝ መሆን አለመሆናቸው በየመሥሪያ ቤታቸው ሳይቀር ይመረመር ነበር። አርጀንቲና ውስጥ ከ1976 እስከ 1983 የገዛው ወታደራዊ ጁንታ እስረኛ እናቶችን ገድሎ ልጆቻቸውን ለደጋፊዎቹ ያድል ነበር። በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ባሪያን ማንበብ ማስተማር በሕግ የተከለከለበት ዘመን ነበር። ጊልያድ ውስጥ ሴት ማንበብ አይፈቀድላትም፤ የሱቅ ምልክቶች እንኳ ሥዕል ብቻ ናቸው።

በዚያን ጊዜ የሰበሰበቻቸው የጋዜጣ ቁርጥራጮች ዛሬም በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። «ነቢይ ናት» ለምትሉኝም መልሴ እሱው ነው። ጋዜጣ ቆርጦ የሚያስቀምጥ ሰው ትንቢት አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ መጽሐፉ ሃይማኖትን ይሰድባል ብለውኝ ተውኩት። እውነት ነው?

የነገሩሽ ሰዎች አንብበውት ይሆን? መጽሐፉ የሚከፈተው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 ነው፤ ራሔል ልጅ ስታጣ አገልጋይዋን ባላን ለያዕቆብ በሰጠችበት ታሪክ። ገዢዎቹ ይችን አንድ ታሪክ መዝዘው ሕግ አደረጓት። መጽሐፍ ቅዱሱን ግን ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። አውጥቶ የሚያነበው የቤቱ ጌታ ብቻ ነው። ምን እንዳሰጋቸው አስቢው።

ደግሞ አማኞቹ በአንድ ወገን የተሰለፉ አይደሉም። ሴቶቹን በድብቅ ወደ ካናዳ ከሚያሻግሩት ውስጥ ኩዌከሮች የሚባሉ ክርስቲያኖች አሉ። ባፕቲስቶች አገዛዙን ይዋጋሉ። ቄስ ተሰቅሎ ግንብ ላይ ተንጠልጥሏል። አንብቢውና ራስሽ ፍረጂ።

ጥያቄ፦ ገጣሚ ናት ሲባል ገረመኝ። ግጥሙ የትርፍ ጊዜ ሥራዋ ነው?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ቅደም ተከተሉ ተቃራኒው ነው። የመጀመሪያዋ ትንሽ መድበል «ደብል ፐርሰፎኒ» የወጣችው በ1961 ነው፤ የሕትመት ፊደሉን የለቀመችው ራሷ ናት። «ዘ ሰርክል ጌም» የተባለው መድበሏ የካናዳን ትልቁን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት፣ የገዢ ጄኔራሉን ሽልማት፣ ያገኘው ለ1966 ነው። የመጀመሪያው ልብ ወለዷ «ዘ ኤዲብል ዉማን» ገና በ1969 መጣ።

የ1971ዱ የግጥም መድበሏ «ፓወር ፖለቲክስ» መግቢያ ላይ አራት ስንኝ ብቻ ያላት ግጥም አለች። መጀመሪያ ሁለት ፍቅረኞች እንደ ልብስ መቆለፊያ እርስ በርስ የገጠሙ ይመስላችኋል። ቀጥሎ መንጠቆው የዓሣ መንጠቆ፣ ዓይኑም የተገለጠ የሰው ዓይን ሆኖ ይመጣል። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ይህች ግጥም እንግዳ አትሆንም። እኔ ጊልያድን ያየሁት እዚያች ግጥም ውስጥ ነው፤ ፍቅር መስሎ የሚገባ ጉልበት።

ከዚህ የጠበቀ ዝምድናም አለ። «ሃንድሜይድስ»ን መታሰቢያ ካደረገችላቸው ሁለት ሰዎች አንዷ ሜሪ ዌብስተር ናት። በ1680ዎቹ ማሳቹሴትስ ውስጥ ጠንቋይ ተብላ ተከሰሰች፤ ፍርድ ቤት ነፃ አወጣት። የሰፈሯ ሰዎች ግን ዛፍ ላይ ሰቀሏት። ሌሊቱን ተንጠልጥላ አድራ አልሞተችም። የአትዉድ አያት ሰኞ ዕለት «ሜሪ ቅድመ አያታችን ናት» ይሉና ረቡዕ ዕለት ይክዱ ነበር አሉ። በ1995 በወጣው «ሞርኒንግ ኢን ዘ በርንድ ሃውስ» ውስጥ አትዉድ ያችን ሌሊት በየሰዓቱ ከፋፍላ፣ በተሰቀለችው ሴት አንደበት ረጅም ግጥም ጻፈችላት። ልብ ወለዱንና ግጥሙን አከታትላችሁ አንብቡ። ድምፁ አንድ ነው፤ ገመድ አንገቷ ላይ ሆኖ የምትቀልድ ሴት።

የገጣሚ እጅ በልብ ወለዱም ይታወቃል። ተራኪዋ ቅባት ስለተከለከለች ከምግቧ ቅቤ ደብቃ ፊቷን ትቀባለች። ጌታዋ ማታ በድብቅ ሲያስጠራት ሌላ ነገር ትጠብቃለች፤ እሱ የፈለገው ስክራብል (ፊደል ገጣጥሞ ቃል የመሥራት ጨዋታ) አብራው እንድትጫወት ነው። ማንበብ ለተከለከለች ሴት ፊደል መደርደር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አትዉድ አታብራራውም። እንዲሁ ታልፈዋለች።

ጥያቄ፦ ተከታታይ ድራማውን ጨርሻለሁ። መጽሐፉ ይቅርብኝ?

አይቅርብህ። በ2017 የጀመረው ድራማ መጽሐፉን በራሱ የመጀመሪያ ምዕራፍ (ሲዝን) አካባቢ ጨርሶታል፤ የቀረው የጸሐፊዎቹ ፈጠራ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ግሩም ነው። ከዚያ በኋላ ጀግናዋ ስታመልጥ፣ ስትመለስ፣ ስታመልጥ እኔ ደከመኝ።

ድራማው ያልሰጠህ ነገር መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ገጹን ስትገልጥ ድንገት 2195 ዓ.ም. ትገባለህ። ጊልያድ ወድቋል። አንድ ፕሮፌሰር ጉባኤ ላይ ስለ ሴትዮዋ የካሴት ቅጂዎች ጥናት ያቀርባል፤ ይቀልዳል፤ ተሰብሳቢው ይስቃል። ስቃይዋን ሰምቶ እሱን የሚያሳስበው ጌታዋ ማን እንደነበር ነው። ብዙ ሰው ይህን ክፍል አባሪ መስሎት ይዘልለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት።

(በድራማው የመጀመሪያ ክፍል ጀግናዋን ጭንቅላቷን በጥፊ የምትመታት አሮጊት አትዉድ ራሷ ናት።)

ጥያቄ፦ «ዘ ቴስታመንትስ» ቡከርን ይገባው ነበር?

ይህ የ«ሃንድሜይድስ» ተከታይ ልብ ወለድ ነው፤ ቡከር የሚባለውን የብሪታንያ የልብ ወለድ ሽልማት በ2019 ከደራሲ በርናርዲን ኤቫሪስቶ ጋር ተካፈለችው። ለእኔ መጽሐፉ ሁለት ነው። አሰቃይዋ አክስት ሊዲያ («አክስት» በጊልያድ ሴቶችን የሚቆጣጠሩ ሴቶች ማዕረግ ነው) በራሷ እጅ የጻፈችው ክፍል አትዉድ ከጻፈቻቸው ምርጦች ጋር የሚቆም ነው። የሁለቱ ልጃገረዶች ክፍል ግን ጥሩ የማምለጥ ታሪክ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። በ2000 ቡከር ያገኘችበት «ዘ ብላይንድ አሳሲን» ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ኖቤልስ?

አልተሰጣትም። ካናዳዊቷ አሊስ መንሮ ግን በ2013 ወስዳለች።

ጥያቄ፦ ሥራዬ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አይደለም ትላለች። ሰው ሠራሽ ፍጡር እየጻፈች እንዴት?

አትዉድ ድንበሩን የምታሰምረው እንዲህ ነው፦ የማርስ ፍጡራን አንድ ወገን፣ ባለን እውቀትና መሣሪያ ሊሆን የሚችል ነገር ሌላ ወገን። እሷ ሁለተኛው ላይ ነኝ ትላለች። የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲዋ ኧርሱላ ለጉዊን በ2009 ይህን ክፍፍል በጽሑፍ ተችታዋለች። በእኔ እምነት ለጉዊን ልክ ነበረች። አትዉድ አልተቀየመችም፤ በ2011 ያሳተመችውን የድርሰቶች መጽሐፍ መታሰቢያነቱን ለእሷው ሰጠች።

ስለ ሊሆን የሚችለው ነገር ግን ትክክል ናት። በ2003ቱ «ኦሪክስ ኤንድ ክሬክ» ውስጥ ለሰው የሚተከል አካል የሚያበቅሉ አሳማዎች አሉ። በጥር 2022 አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ዘረመሉ የተቀየረ የአሳማ ልብ ለሰው ተተከለ። እኔን ግን ከአሳማዎቹ በላይ የያዘኝ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጂሚ ነው። ዓለም ካለቀ በኋላ ብቻውን ቁጭ ብሎ፣ ማንም የማይጠቀምባቸውን ያረጁ ቃላት ለራሱ ይደጋግማል። እሱን የጻፈችው ገጣሚዋ ናት።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። «ሃንድሜይድስ»ን ልስጣት?

መጀመሪያ እርስዎ ያንብቡት። በሕግ የተፈቀደ መደፈር፣ ስቅላት፣ ራስን ማጥፋት አለበት። ዝርዝሩ የተቆጠበ ነው፣ ክብደቱ ግን አይቀርም። አብራችሁ ብታነቡትና ብትነጋገሩበት እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ በ2114 የሚታተም መጽሐፍ አላት ሲባል ሰማሁ። ቀልድ ነው?

የእውነት ነው። «ፊውቸር ላይብረሪ» ይባላል፤ ሐሳቡ የአርቲስት ኬቲ ፓተርሰን ነው። በ2014 ኦስሎ አጠገብ 1,000 ችግኞች ተተከሉ። ለ100 ዓመት በየዓመቱ አንድ ጸሐፊ ማንም ያላነበበው ጽሑፍ ያስረክባል፤ በ2114 ከዛፎቹ ወረቀት ተሠርቶ ይታተማል። የመጀመሪያዋ አስረካቢ አትዉድ ነበረች። የምናውቀው ርዕሱን ብቻ ነው፦ «ስክሪብለር ሙን»። ለልጅ ልጆቻችሁ ንገሩ።

ጥያቄ፦ አንድ የግጥም መጽሐፍ ብቻ ብገዛስ?

አቅሙ ካለሽ በ2024 የወጣው «ፔፐር ቦት» ከ1961 እስከ 2023 ካሉት ግጥሞቿ የተመረጡትን ይዟል። ወፍራም ነው። ቀጭኑን ከፈለግሽ «ዲርሊ» (2020)። የረጅም ዘመን የሕይወት አጋሯ ግሬም ጊብሰን የሞተው በመስከረም 2019፣ እሷ «ዘ ቴስታመንትስ»ን ለማስተዋወቅ በምትዞርበት ሰሞን ነው። መድበሉ ውስጥ ለእሱ ያዘነችው ኀዘን አለ። የሚጠፉ ወፎችና ባሕር የሞላ ፕላስቲክም አሉ፤ የልብ ወለዶቿ ጭንቀት በግጥም ቤት።

ጥያቄ፦ የ«ማድአዳም»ን ሦስት መጻሕፍት በቅደም ተከተል ማንበብ ግዴታ ነው?

ሁለተኛው «ዘ ይር ኦፍ ዘ ፍለድ» ከመጀመሪያው ከ«ኦሪክስ ኤንድ ክሬክ» ጋር ያንኑ ጊዜ በሌሎች ሰዎች ዓይን ስለሚያሳይ ሁለቱን ብታቀያይራቸው ችግር የለውም። ሦስተኛውን «ማድአዳም»ን ግን አታስቀድም፤ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋብሃል።