ዋተርፎል ወይስ አጃይል? መጀመሪያ ውሉን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሦስት ሆናችሁ ለአንድ የግል ትምህርት ቤት የተማሪ ማስተዳደሪያ ሲስተም ልትሠሩ ነው። ዋጋው ተቆርጧል። ትምህርት ቤቱ መስከረም ላይ ሊጠቀምበት ይፈልጋል። ፕሮፖዛሉ ላይ ደግሞ «የምትከተሉት ሞዴል» (የሶፍትዌር አሠራር መንገድ ማለት ነው) የሚል ክፍል አለ፣ እና ዋተርፎል (አንዱ ደረጃ ሲያልቅ ወደ ቀጣዩ) ልበል ወይስ አጃይል (በአጭር ዙር እየሠሩ ማሳየት) ነው ያልሽው። ጂራ የሚባለውን የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር መግዛት አለብን ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

ሌሎች መልስ ብለው የለጠፉልሽ የሞዴሎች ማወዳደሪያ ሰንጠረዥ ስህተት የለበትም። ግን ብዙም አይጠቅምሽም። ሁላችንም ለፈተና የሸመደድነው ነው፤ ዋተርፎል ፍላጎቱ ለታወቀ፣ ስፓይራል አደጋው ለበዛ፣ አጃይል ለሚለዋወጥ። ሥራ ላይ ስትገቢ ሞዴሉን የሚመርጥልሽ ውሉ ነው። ገንዘቡ መቼ ይለቀቃል? ምን ስታስረክቡ? «ይሄ ልክ ነው፣ ይሄ ይቀየር» ብሎ የመወሰን ሥልጣን ያለው ማነው፣ እሱንስ በየስንት ጊዜው ታገኙታላችሁ? እነዚህ ካልታወቁ የፈለግሽውን ስም ብትጽፊ ለውጥ የለውም።

እኔ ብዙውን ጊዜ የሠራሁት በጨረታ የሚመጡ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራዎች ላይ ነው። እዚያ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ቲኦአሩ (የሥራው ዝርዝር መመሪያ) ሲወጣ ደረጃዎቹ ተደርድረው ነው፦ የመነሻ ሪፖርት፣ የፍላጎት ሰነድ፣ ዲዛይን፣ ግንባታ፣ ሙከራ፣ ሥልጠና፣ ርክክብ። ክፍያው ከየደረጃው ጋር ታስሯል። ኮሚቴው ካልፈረመ ፋይናንስ ገንዘብ አይለቅም። በዚያ ላይ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ስለዚህ ግንቦት ሲገባ ሁሉም ሰው ድንገት መቸኮል ይጀምራል፤ የሚያስቸኩለው ሲስተሙ ሳይሆን በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ነው። እዚህ መሐል ገብተሽ «እኛ በስክረም ነው የምንሠራው» (በአጭር ዙር የሚሠራው የአጃይል ዓይነት) ብትይ የሚሰማሽ የለም።

ታዲያ የበሰሉ ቡድኖች ምን ሲያደርጉ አይቻለሁ? ከውጭ ዋተርፎል፣ ከውስጥ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ እየሠሩ ማሳየት። ሰነዱ በደረጃው ይገባል። ግን የፍላጎት ሰነዱ ከመፈረሙ በፊት የሚነካ፣ ቁልፉ የሚጫን ስክሪን ሠርተው ለኮሚቴው ያሳያሉ። መቶ ገጽ ሰነድ አንብቦ የሚፈርም ኮሚቴ እስካሁን አላጋጠመኝም። የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ይፈርማል። ስክሪን ሲያይ ግን ሁሉም አፍ ያወጣል። «ይሄ ፈርስት ኔም፣ ላስት ኔም ምንድነው? የአያት ስም የት ሄደ?» «ሪፖርቱ ላይ ጳጉሜ ለብቻዋ ትውጣ ወይስ ከነሐሴ ጋር ትደመር?» ይሄ አይነቱን ጥያቄ ሰነድ ላይ ማንም አይጽፍልሽም።

ዋተርፎልን ግን እንደ ፋሽኑ ልሳደብ አልፈልግም። ነገሩ አስቀድሞ ከተወሰነ ጥሩ ነው። የደመወዝ ሲስተምን ለምሳሌ ውሰጂ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ነው። የግብር እርከኑም በአዋጅ ተጽፏል። እዚህ ላይ ከደንበኛው ጋር በየሁለት ሳምንቱ ተቀምጦ «ምን ይመስልሻል» መባባል ጊዜ ማባከን ነው፤ አዋጁን አንብቢ፣ ጻፊ፣ ፈትሺ፣ አስረክቢ። (አዋጅ ይሻሻላልና እርከኖቹን ኮድ ውስጥ አትቅበሪያቸው፣ ሰንጠረዥ ውስጥ አስቀምጪ። ይሄ ከሞዴል ጋር አይገናኝም፣ ግን ይጠቅምሻል።)

ደግሞ ዋተርፎልን የፈለሰፈው ተብሎ የሚጠቀሰው ዊንስተን ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያን ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ሥዕል ካስቀመጠ በኋላ፣ እንዲሁ ቢተገበር አደገኛ ነው፣ ውድቀት ይጋብዛል ነው ያለው። ዋተርፎል የሚለውን ስምም አልተጠቀመም። እንዲያውም አዲስ ዓይነት ሲስተም ከሆነ ሁለት ጊዜ ሥሩት፣ የመጀመሪያው መማሪያ ይሁን ብሏል። ብዙ ሰው ሥዕሉን ይዞ ማስጠንቀቂያውን ተወው።

አጃይል ደግሞ እኛ ጋ ስሙ ከሥራው ቀድሞ ነው የገባው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ስኖውበርድ በሚባል ቦታ 17 ሰዎች ተሰብስበው ያወጡት መግለጫ አራት እሴትና 12 መርሆች ነው፣ በአንድ ሻይ ያልቃል። ከመርሆቹ አንዱ የሥራው ባለቤቶችና ዲቨሎፐሮቹ በየቀኑ አብረው ይሥሩ ይላል። በየቀኑ! እኛ ጋ ደንበኛው የሚመድብልሽ ሰው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ግን መወሰን አይችልም። «አለቃዬን ልጠይቅ» ይላል፣ አለቃው ስብሰባ ላይ ነው፣ ስፕሪንቱ (የሥራው አጭር ዙር) ያልቃል። ዴይሊ ስታንድአፑም (የየቀኑ አጭር ስብሰባ) ለአለቃ ሪፖርት ማቅረቢያ ይሆናል፣ ሁሉም ትናንት ብዙ እንደሠራ ያስረዳል። ወሳኝ ሰው ሳይኖር ስክረም ማለት ስብሰባ መጨመር ብቻ ነው።

ልዩነቱን በአንድ ተቋም ማየት ከፈለግሽ የአሜሪካውን ኤፍቢአይ አንብቢ። የምርመራ መዝገቦችን ከወረቀት ለማውጣት የጀመሩት «ቨርቹዋል ኬዝ ፋይል» የሚባል ሲስተም ብዙ ሚሊዮን ዶላር በልቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ተሰረዘ። በቀጣዩ ዓመት «ሴንቲኔል» የሚባለውን ለኮንትራክተር ሰጡት፣ በአራት ምዕራፍ። እሱም ሲዘገይ በ2010 ሥራውን ወደ ራሳቸው መልሰው፣ ቡድኑን አሳንሰው፣ በአጭር ዙር መሥራት ጀመሩ። በ2012 ለሠራተኞቹ ተከፈተ። ሰው ይሄን «አጃይል አሸነፈ» ብሎ ይተርከዋል። እኔ እንደሚገባኝ ግን ትልቁ ለውጥ ወሳኞቹና ሠሪዎቹ አንድ ቤት መግባታቸው ነው።

ወደ እናንተ ልምጣ። የእናንተ ሥራ አንድ ትልቅ ዕድል አለው፤ ትምህርት ቤት የራሱ ካሌንደር አለው፣ እሱ ራሱ የማስረከቢያ ዕቅድ ይሰጣችኋል። ነሐሴ ላይ ምዝገባና ክፍያ ይጨናነቃል። መስከረም የክፍል ድልድልና የስም መጥሪያ። ሮስተርና ካርድ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሲያልቅ፣ ጥር አካባቢ ነው። እና ለምንድነው ሁሉንም ለመስከረም የምትጨርሱት? ምዝገባና ክፍያን ብቻ አድርሱ፣ ሰው ይጠቀምበት። የውጤቱን ክፍል መምህራኑ ሥራ ላይ ሆነው እያዩት ትሠሩታላችሁ። ይሄ ኢንክሪሜንታል ይባላል፣ ሰንጠረዡ ላይ መሐል ላይ ተቀምጦ ማንም የማያየው እሱ ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ «ኢንክሪሜንታል፣ ከፕሮቶታይፕ ጋር» ብለሽ ጻፊ፤ ፕሮቶታይፕ ቅድም ያልኩሽ የሚነካው የማሳያ ስክሪን ነው። ርእሰ መምህሩም ይገባዋል፣ «በነሐሴ ይሄ፣ በጥር ያ» ማለት ነው።

ከትምህርት ቤቱ የምታማክሩትን ሰው ስትመርጡ ባለቤቱን ብቻ አትያዙ። ባለቤቱ ዳሽቦርድ ነው የሚፈልገው። ሥራውን የምታውቀው ሪከርድ ኦፊሰሯ ናት፣ ክፍያውን ደግሞ ገንዘብ ተቀባይዋ። የወንድምና እህት ቅናሽ ስንት ነው፣ ዘግይቶ የከፈለ ቅጣቱ ከየትኛው ቀን ይቆጠራል፣ መሐል ላይ የወጣ ተማሪ ገንዘብ ይመለሳል ወይ፣ ደረጃ ሲወጣ እኩል ያመጡት እንዴት ይቆጠራሉ፣ እነሱ ጋ ነው ያለው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ስጡን በሉ፣ ውሉም ላይ ይግባ።

ከስፓይራል አንድ ነገር ብቻ ተዋሱ። የቤሪ ቦህም ሐሳብ ነው፣ በ1980ዎቹ የመጣ፤ በየዙሩ መጀመሪያ አደጋውን ለዩ፣ በጣም የሚያስፈራውን አስቀድሙ ይላል። ለእናንተ የሚያስፈራው ከድሮው ኤክሴል ዳታ ማምጣቱ ይመስለኛል። አንዷ ልጅ አንዱ ሺት ላይ «ፀሐይ»፣ ሌላው ላይ «ጸሀይ» ተብላ ትገኛለች፣ ሲስተሙ ሁለት ተማሪ ያደርጋታል። ሐ፣ ሀና ኀን፣ ሠና ሰን፣ ጸና ፀን ፍለጋው ላይ እንደ አንድ እንዲያይ ካላደረጋችሁ ነሐሴ ላይ ወረፋው እስከ ውጭ በር ይደርሳል። ይሄን ሎጎና ከለር ከመምረጣችሁ በፊት ሞክሩት። ቪ ሞዴልን ተይው፣ እሱ ለሕክምና መሣሪያና ለባቡር አይነት ሥራ ነው፣ እያንዳንዱ ፍላጎት ከፈተናው ጋር ተያይዞ ለተቆጣጣሪ በሚቀርብበት።

አሁን ውሉ። ዋጋው ቁርጥ ከሆነ «አጃይል ነን፣ ለለውጥ ክፍት ነን» ብሎ መጻፍ ራስን ማስበላት ነው። ደንበኛው ያንን የሚያነበው «የፈለግሁትን እስከፈለግሁ እጨምራለሁ» ብሎ ነው። ክፍያውን በሞጁል (በየሲስተሙ ክፍል) ከፋፍሉት። ምዝገባና ክፍያ ሲረከቡ ይሄን ያህል፣ የስም መጥሪያ ሲረከቡ ይሄን ያህል። ርክክብ ማለት ምን እንደሆነም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ለምሳሌ «ገንዘብ ተቀባይዋ የአንድ ተማሪ ክፍያ መዝግባ ደረሰኝ ስታወጣ»። አዲስ ነገር ከመጣ ሁለት መንገድ ብቻ ይኑረው፤ ገና ካልተጀመረ እኩያው ሥራ ጋር ይቀያየራል፣ አለዚያ በተጨማሪ ክፍያ ይሠራል። በቃል ወይም በቴሌግራም የመጣ «ትንሽ ነገር» ደግሞ ዝርዝሩ ላይ ሳይገባ አይሠራ። ትንሽ ነገር ነው ድርጅት የሚዘጋው።

ሲስተሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ ስፕሪንት የሚባለውን እርሱት። ጥሪ በየሰዓቱ ነው የሚመጣው፣ የሁለት ሳምንት ዕቅድ አይያዝም። ያኔ ካንባን ይሻላል፤ ሥራውን በሦስት ረድፍ መደርደር ነው፦ የሚጠብቅ፣ እየተሠራ ያለ፣ ያለቀ። እየተሠራ ያለው ላይ በሰው ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ አይቀመጥ፣ የካንባን ጥቅሙ እዚያ ገደብ ላይ ነው ያለው።

ጂራ ለሦስት ሰው አያስፈልግም። ትሬሎ የሚባለው የሥራ ዝርዝር መያዣ በነፃ አለ፣ ግድግዳ ላይ ወረቀት መለጠፍም ይሠራል። ውሉን ገና ካልፈረማችሁ የክፍያውን አንቀጽ የትምህርት ቤቱን ስም አጥፍተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።